«ከነብዕሩ ነው» ሲባል የትኛው ብዕር?

ለማስታወሻና ለሥዕል የሚሆን ዋጋው ቀለል ያለ ታብሌት አመራረጥ

በከተማችን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች «ብዕር ያለው ታብሌት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ደንበኛ ዓይነቱ ብዙ ነው። ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪ አለ። የልብስ ንድፍ የምታወጣ ዲዛይነር፣ በፕላን ላይ ማስተካከያ የሚጽፍ መሐንዲስ፣ የቦታውን ቅርጽ በእጁ ነድፎ ለደንበኛው በቴሌግራም የሚልክ ደላላ አሉ። ሥራቸው ይለያይ እንጂ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ በወረቀት ላይ እንደሚጽፉት በመስታወት ላይ መጻፍ። ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነው፤ «አለ፣ ከነብዕሩ ነው።»

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ብዕር» የሚለው ቃል በገበያው ላይ በዋጋም ሆነ በአሠራር የማይገናኙ ዕቃዎችን ባንድ ላይ ይጠራል። አንዱ ጫፉ ላይ ጎማ የተሰካበት ዘንግ ነው። ሌላው በውስጡ ሽቦና የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ያለው መሣሪያ ነው። ካርቶኑ ላይ ሁለቱም «ከብዕር ጋር» ተብለው ይጻፋሉ። ገዥው ደግሞ በሱቅ ውስጥ የሚጠይቀው ስለ ስክሪኑ ስፋት፣ ስለ ራሙና ስለ ባትሪው ነው፤ ስለ ብዕሩ መጠየቅ የሚጀምረው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ለመሆኑ መስታወት ላይ ለመጻፍ የሚያስችለው ምንድን ነው? ብዕሩ ብቻውን አይደለም። ከመስታወቱ ሥር ብዕሩን ለይቶ የሚያውቅ ክፍል መኖር አለበት። ይህ ክፍል ታብሌቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ከሌለ በኋላ አይጨመርም፤ የፈለጉትን ያህል ውድ ብዕር ቢገዙለት መስታወቱ አያውቀውም። ስለዚህ የአገዛዙ ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። በቅድሚያ የሚመረጠው ብዕሩ ነው፤ ታብሌቱ የሚመረጠው ያንን ብዕር ከሚቀበሉት መካከል ነው።

ሦስት ዓይነት ብዕር

የታብሌት ስክሪን የጣትን ንክኪ የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ነው። በመስታወቱ ሥር በዓይን የማይታይ ረቂቅ መረብ አለ። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጣት ሲያርፍበት በዚያ ነጥብ ላይ ያለው መጠን ይለወጣል፤ መሣሪያውም ይህን ለውጥ ያነባል። ጎማ ጫፍ ያለው ብዕር የሚሠራው ጣት መስሎ ነው። ጫፉ እንደ ባቄላ ፍሬ የሚያህለውም ለዚህ ነው፤ ቢቀጥን ስክሪኑ አይሰማውም። ይህ ብዕር በማንኛውም ስልክና ታብሌት ላይ ይሠራል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ነገር ግን ሲጫኑት መስመሩ አይወፍርም። ስክሪኑም እሱን ከመዳፍ ለይቶ ስለማያውቅ እጅዎን አንጠልጥለው መጻፍ ይኖርብዎታል። አንድ ገጽ እንዲህ ጽፎ የሚጨርስ ጽኑ ሰው ካለ እጁ ይመሰክር። ከጫፉ ላይ የምታሳልፍ ክብ ፕላስቲክ የተገጠመችበትም የዚሁ ዘመድ ነው።

ሁለተኛው በውስጡ ባትሪ ያለው ነው። ብዕሩ ራሱ ምልክት ያስተላልፋል፤ የስክሪኑ መረብ ምልክቱን ይቀበልና «ይህ ጣት ሳይሆን ብዕር ነው» ብሎ ይለየዋል። የአፕል፣ የሌኖቮና የሺያሚ ብዕሮች በዚህ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። ጫፋቸው ቀጭን ነው፣ መዳፍን ማሳረፍ ይቻላል። እንከናቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁሉም የየራሱን ቋንቋ ስለሚናገር የአንዱ ኩባንያ ብዕር በሌላው ታብሌት ላይ አይሠራም፤ የአፕል ብዕር ይዞ በአንድሮይድ ታብሌት ላይ መጻፍ የማይታሰብ ነው። በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ ብዕሩና ታብሌቱ በሞዴል የሚለያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ባትሪ ስለሆነ ይሞላል፣ ያረጃል፣ ይሞታል።

ሦስተኛው ባትሪ የማያስፈልገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው ዋኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚታወቅበት ዘዴ ሲሆን ሳምሰንግ በ2011 ከጋላክሲ ኖት ስልኩ ጋር ያወጣው «ኤስ ፔን» የዚሁ ቤተሰብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የዕቃዎቹ ዓመት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከስክሪኑ በስተጀርባ የተዘረጋ ስስ የሽቦ ገበታ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። በብዕሩ ውስጥ ያለችው ጥቅል ሽቦ ከዚያ መስክ ጉልበት ትወስድና መልሳ ትነግረዋለች፤ የት እንዳለች፣ ምን ያህል እንደተጫኗት። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ በሚውልበት አካባቢ አንድ የሚሞላ ዕቃ መቀነሱ ቀላል ነገር አይደለም። ከሳምሰንግ ኤስ ፔኖች አንዳንዶቹ ባትሪ አላቸው፤ ባትሪው የሚያገለግለው ግን ከሩቅ ሆኖ ለማዘዣ እንጂ ለመጻፊያ አይደለም፤ ባዶም ቢሆን ይጽፋሉ። ይህ ዘዴ የሚጠላው ማግኔት ነው። ከሌላ ቦታ የተገዛ ማግኔት ያለበት ሽፋን ሲያለብሱት መስመሩ በአንድ ጥግ ላይ ሊዘል ይችላል። ሽፋኑን አውልቆ መሞከር ነው፤ ብዙ ጊዜ ታብሌቱ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል።

ለእኛ ፊደል ሲሆን

የውጭ አገር መጽሔቶች ስለ ብዕር ሲጽፉ የሚለኩት በላቲን ፊደል ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው መለኪያው ጠበቅ ይላል። «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው በእግሩ ላይ ያለው ነገር ሰረዝ መሆኑ ወይም ቀለበት መሆኑ ነው። «ቢ»ና «ቤ»ም እንዲሁ። «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የምትለየው በአናቱ ላይ ያለች ትንሽ መስመር ናት። ጎማ ጫፍ ባለው ብዕር በተለመደው የጽሕፈት መጠን ሲጻፍ ቀለበቷ ትደፈናለች፣ ሰረዟ ከግንዱ ትጣበቃለች። ጸሐፊው የጻፈውን ከሳምንት በኋላ ራሱ ማንበብ ያቅተዋል። የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም፣ የተስማሙበት ዋጋ በፊደል ለሚጽፍ ደላላ ወይም ነጋዴ ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም።

መፍትሔው ፊደሉን አተልቆ መጻፍ ነው የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ግን በ10 ኢንች ገጽ ላይ ስምንት መስመር ብቻ የሚይዝ ደብተር የሚፈልግ ያለ አይመስለንም።

ሻጮች ደግሞ «በእጅ የጻፉትን ወደ ታይፕ ይለውጥልዎታል» ይላሉ። ይህን ሲሰሙ በእንግሊዝኛ ሲለውጥ ማየት ማስረጃ አይሆንም። ሁለት መስመር አማርኛ እዚያው ጽፈው ያስለውጡት። ባይለውጠውም ጽሑፉ በጻፉበት መልክ እንደ ሥዕል ይቀመጣል፣ ወደ ፒዲኤፍ ተቀይሮ ይላካል፤ ለማስታወሻ ይህ በቂ ነው። ለ«ይለውጣል» ተብሎ ግን ተጨማሪ ዋጋ አይከፈልም።

ከመክፈል በፊት

«ያልተገላበጠ ያራል» ነውና ታብሌቱን ሱቁ ውስጥ አገላብጦ መፈተን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የታሸገ ካርቶን ከሆነ ለማሳያ የተከፈተ ተመሳሳይ ሞዴል ይጠይቁ። የሚያሳይ ከሌለው ተከፍቶ ተፈትኖ የሚሸጥበትን ሱቅ መምረጥ ይሻላል።

የመጀመሪያው ፈተና ከመዳፍ ይጀምራል። የማስታወሻ ፕሮግራሙን ይክፈቱና መዳፍዎን ሙሉ በሙሉ መስታወቱ ላይ አሳርፈው ይጻፉ። በመዳፍዎ ሥር ነጠብጣብ ወይም መስመር ከወጣ፣ ወይም ገጹ ከተንሸራተተ፣ ብዕሩ ጣት መሳይ ነው አለዚያም በትክክል አልተገናኘም። ቀጥሎ በቀስታ ተጭነው፣ ከዚያ ጠበቅ አድርገው አንድ መስመር ይሳቡ። መስመሩ ካልቀጠነና ካልወፈረ ለሥዕል የሚሆን ብዕር አይደለም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የሚመረጠው የብሩሽ ዓይነት ነው፤ ቦልፖይንት የሚመስለው በጥሩ ብዕርም ቢሆን ላይወፍር ስለሚችል በብሩሽ ወይም በእርሳስ ዓይነቱ ይሞክሩት።

በሳምሰንግ ታብሌት ላይ ፈጣን መለያ አለ። ብዕሩን መስታወቱን ሳያስነኩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይያዙት። ትንሽ ነጥብ ብቅ ብላ ብዕሩን እየተከተለች ከሄደች መስታወቱ አውቆታል። ይህን መለኪያ አድርገው ርካሹን አይፓድ እንዳይጥሉ ግን ልብ ይሏል፤ በአይፓድ በኩል ይህን የሚያሳዩት ውድ የሆኑት ሞዴሎች ናቸው።

ሦስተኛው ፈተና ሻጮች የማይወዱት ነው። የባንክ ካርድዎን ወይም መታወቂያዎን እንደ ማስመሪያ በሰያፍ ስክሪኑ ላይ ያስቀምጡና በጠርዙ በኩል በጣም በቀስታ መስመር ያስምሩ። ባትሪ ካላቸው ብዕሮች መካከል ርካሾቹ በዚህ ጊዜ እንደ እባብ የሚጥመዘመዝ መስመር ያወጣሉ። በፍጥነት ሲጽፉ አይታይም፤ ሻጩ ቶሎ ቶሎ ሞንጨር ሞንጨር እያደረገ የሚያሳየውም ስለዚህ ነው። የቤት ፕላን ለሚነድፍ ወይም የጥለት ንድፍ ለሚያወጣ ሰው ይህ ጥምዝማዜ ሥራውን ያበላሽበታል። በመጨረሻም በደብተር ላይ በሚጽፉበት መጠን «ሊ ሌ ቢ ቤ ሰ ሸ» ብለው ይጻፉና ከክንድ ርቀት ያንብቡት።

የግፊት ደረጃ 4096 ነው የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ሲያዩ ብዙም አይደነቁ። በጥሩዎቹም በደካሞቹም ላይ የሚጻፍ ቁጥር ነው። የእጅ ስሜት የሚታወቀው ቁጥር በማንበብ ሳይሆን በመሳል ነው።

በዚህ ዋጋ የሚገኙት

ባለፉት ዓመታት በዝቅተኛ ዋጋ ክልል ጠንካራ ሆኖ የቆየው የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት ነው። በ2020 ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 350 ዶላር ገደማ ነበር፤ ስክሪኑ 10.4 ኢንች ሲሆን ብዕሩ በካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ባትሪ የሌለው ዓይነት ነው። ኩባንያው ይህንኑ ታብሌት በ2022 እና በ2024 ውስጡን እየቀየረ መልሶ አወጣው። በመልክ ሦስቱ አንድ ናቸው፤ በስም ሲጠሩም «ኤስ6 ላይት» ነው የሚባሉት። ለይቶ ማወቂያው በስተጀርባው ወይም በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ነው። የ2020ው ፒ610 (ሲም የሚይዘው ፒ615)፣ የ2022ው ፒ613 (ሲም የሚይዘው ፒ619)፣ የ2024ው ፒ620 (ሲም የሚይዘው ፒ625) ነው። የ2020ው የአንድሮይድ እድሳት 13 ላይ ቆሟል፤ የ2024ው ደግሞ ሲወጣ ጀምሮ 14 ነው። ለሁለቱ አንድ ዋጋ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠመ ቁጥሩን ማንበብ የገዥው ድርሻ ነው። በነሐሴ 2025 ሳምሰንግ ታብ ኤስ10 ላይት የተባለውን በ10.9 ኢንች ስክሪን፣ ከነኤስ ፔኑ፣ በ350 ዶላር መነሻ ዋጋ አስተዋውቋል። አዲስ ለሚገዛና አቅሙ ለሚፈቅድ የእኛ ምርጫ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሳምሰንግ ስም ነው። «ሳምሰንግ ከሆነ ብዕር ይቀበላል» ማለት ትክክል አይደለም። ታብ ኤ8፣ ታብ ኤ9 እና ኤ9 ፕላስ ጥሩ የፊልምና የንባብ ታብሌቶች ናቸው፤ ኤስ ፔን ግን አይቀበሉም። ከኤስ6 ላይት ረከስ ስለሚሉ ጎማ ብዕር ተጨምሮባቸው «ከነብዕሩ» ተብለው ሲሸጡ ይታያል። በኤ ተርታ ኤስ ፔን የነበራቸው ጥቂት አሮጌ ሞዴሎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ የ2019ው ባለ 8 ኢንች ታብሌት ነው። አሁን ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል።

አይፓድ ለሥዕል የሚወደደው በመተግበሪያዎቹ ነው። ፕሮክሪዬት የተባለው የሥዕል ፕሮግራም የሚሠራው በአፕል ዕቃዎች ላይ ብቻ ሲሆን ዋጋውም በየወሩ ሳይሆን አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። ይሁን እንጂ የአይፓድን ዋጋ የሚያሰላ ሰው ብዕሩ ካርቶኑ ውስጥ እንደሌለ መርሳት የለበትም። በመጋቢት 2025 የወጣው አይፓድ በ349 ዶላር ተነሣ። የመጀመሪያው ትውልድ አፕል ፔንስል 99 ዶላር ነው። ሁለቱ 448 ይሆናሉ፤ ብዕሩ ብቻውን ከጠቅላላው ዋጋ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ወሰደ ማለት ነው። በ2023 የወጣው ባለ ዩኤስቢ-ሲ ፔንስል በ79 ዶላር ረከስ ይላል፤ የእጅን ግፊት ግን አያውቅም። ለማስታወሻ ጥሩ ነው፣ ለሥዕል ጉድለት ነው። በዝቅተኛ ዋጋ አይፓድ ለሚፈልግ የ2021ው 9ኛ ትውልድ ያገለገለው ይገኛል። የሚሠራው ከመጀመሪያው ትውልድ ፔንስል ጋር ነው፤ ባለ ዩኤስቢ-ሲውን አይቀበልም። ሁለተኛው ትውልድ ፔንስልና ፔንስል ፕሮም ከተራው አይፓድ ጋር አይሠሩም። «አፕል ፔንስል ነው፣ ኦርጅናል ነው» ተብሎ የተገዛ ውድ ብዕር ሳይሠራ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሌኖቮና የሺያሚ ታብሌቶች በዋጋ ይቀላሉ። በ2024 የወጣው ሌኖቮ ታብ ኤም11 ከነብዕሩ የሚሸጥበት አለ፤ ብዕሩ በሌለበት ካርቶንም ይመጣል፤ ስለዚህ ካርቶኑ ይከፈት። በዚያው ዓመት የወጣው ባለ 12.1 ኢንች ሬድሚ ፓድ ፕሮ የራሱን ብዕር ይቀበላል፤ ብዕሩ ግን ለብቻው የሚገዛ ነው። እነዚህን ከመግዛት በፊት ብዕሩ በገበያው ላይ ለብቻው መገኘቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብዕር ይጠፋል። ታብሌቱ ተገኝቶ ብዕሩ ከውጭ የሚታዘዝ ከሆነ ርካሽነቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ስማቸው የማይታወቅ ታብሌቶችን በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃል። ካርቶኑ ላይ «12 ጂቢ ራም» የተባለው ብዙ ጊዜ 8 ሲደመር 4፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው፤ ቀሪው ከማከማቻው የተበደረ ነው። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ኢርፎን፣ ሽፋንና ብዕር በአንድ ካርቶን ታጭቆ ሲቀርብ ብዕሩ የሚያደርገው ተጨማሪ ቁጥር መሆን ብቻ ነው። ለልጆች የሚሸጠው፣ በአንድ ቁልፍ የሚጠፋው አረንጓዴ መስመር የሚያወጣ ሰሌዳም «ራይቲንግ ታብሌት» ይባላል። የጻፉትን አያስቀምጥም፤ ጥቁር ሰሌዳ ነው።

ላገለገለ ዕቃ

ከአሜሪካ፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ያገለገለ ዕቃ ለዚህ ገበያ ትልቅ ምንጭ ነው። ጥሩ ዕቃ ይገኝበታል፤ አደጋውም ከስንጥቅ መስታወት ይልቅ በቁልፍ በኩል ነው። አይፓዱ በቀድሞው ባለቤት አካውንት ተቆልፎ ከሆነ ያለ እሱ የይለፍ ቃል አይከፈትም። ከዚህ የባሰው ከትምህርት ቤቶችና ከድርጅቶች የወጣው ነው። ያ ድርጅት ዕቃውን ከሩቅ የሚቆጣጠርበት ምዝገባ ካልተሰረዘ ታብሌቱ እየሠራ፣ እየተጻፈበት፣ ምንም ሳይመስል ይቆያል፤ ተጠርጎ እንደገና ሲነሣና ኢንተርኔት ሲያገኝ ብቻ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚለው ገጽ ይመጣና ይዘጋል። ስለዚህ ያገለገለ አይፓድ ሲገዛ በዓይን ፊት ይጠረግ፣ በሱቁ ዋይፋይ ወይም በራስዎ ስልክ ኢንተርኔት እንደገና ይነሣ፣ የመጀመሪያው ገጽ እስኪመጣ ይጠበቅ። አንድሮይድም ሲጠረግ የቀድሞውን የጉግል አካውንት የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ ፈተናው ያው ነው። «ቤት ሄደህ ታስተካክለዋለህ» የሚል ሻጭ ያውቃል ማለት ነው።

ያገለገለ አፕል ፔንስልም ለብቻው ይፈተን። ለወራት ባዶውን የተቀመጠ ከሆነ ባትሪው ላይነሣ ይችላል። ታብሌቱ ላይ ተገናኝቶ የባትሪውን መቶኛ ማሳየትና ግፊት ማወቅ አለበት። መልኩ አፕል ፔንስልን የሚመስለው የቻይና ብዕር ከ2018 ወዲህ ባሉት አይፓዶች ላይ ጥሩ አድርጎ ይጽፋል፣ መዳፍም ያሳርፋል፤ ግፊትን ግን አያውቅም። ዋጋው በዚያው ልክ ሲሆን ለማስታወሻ እንመክረዋለን። በኦርጅናል ዋጋ ሲሸጥ ነው ጥፋቱ።

በብዛት ለሚያስመጣ ነጋዴ ሒሳቡ የከፋ ነው። አንድ ነጋዴ በ100 ገዝቶ በ110 ይሸጣል እንበል። ብዕሩ አልሠራም ተብሎ የተመለሰበትን ታብሌት ያለ ብዕር በ30 በመቶ ቅናሽ ቢሸጠው 77 ያገኛል፤ 23 ከሰረ። ይህ የሁለት ዕቃ ትርፍ በልቶ ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። ከአሥር አራት ቢመለስበት ዘጠና ሁለቱን ከስሮ በስድስቱ ስልሳ አተረፈ ማለት ነው። ናሙና አስመጥቶ የካርዱን ፈተና ሳያደርግ ትእዛዝ የሚሰጥ አስመጪ ገንዘቡን በዕጣ እያስቀመጠ ነው።

ስለ ዋጋ ሌላም ነገር አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዋዜማው በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄዷል። ባለፈው ወር የሰሙት የሱቅ ዋጋ ዛሬ ላይ መለኪያ የማይሆነው ስለዚህ ነው። ይልቁን የሞዴሉን የውጭ አገር መነሻ ዋጋ ይያዙና በዕለቱ ምንዛሪ አባዝተው ሱቁ ከሚጠይቀው ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ የማጓጓዣው፣ የቀረጡ፣ የግብሩና የነጋዴው ነው፤ ለየትኛው ስንት እየከፈሉ እንደሆነ ሻጩን ለመጠየቅ ያስችላል። ከተጠየቀው በታች ያለ ዋጋም ያስጠይቃል።

ኮምፒውተር ላላቸው

ዋናው ሥራው ሥዕልና ግራፊክስ የሆነና ላፕቶፕ ያለው ሰው ታብሌት መግዛት ላያስፈልገው ይችላል። ስክሪን የሌለው፣ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የመሳያ ሰሌዳ አለ፤ ዋኮም፣ ሁዮንና ኤክስፒ-ፔን የተባሉት ኩባንያዎች ይሠሩታል። ትንንሾቹ ከማንኛውም ታብሌት በእጅጉ ይረክሳሉ፣ ብዕራቸውም ባትሪ የማይፈልግ ነው። እያዩ ያሉት ኮምፒውተሩን፣ እጅዎ የሚሠራው ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ ለመልመድ ጊዜ ይጠይቃል። ክሪታ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አብሮት ጥሩ ይሠራል፤ የውጭ አገር የክፍያ ካርድ ለሌለው ሰው ይህ ነፃነት ቀላል አይደለም። ታብሌት የሚገዛውም ቢሆን ሳምሰንግ ኖትስ፣ ዋንኖት፣ ስኬችቡክ የመሳሰሉትን ያለ ክፍያ ያገኛል።

ለደላሎች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በታብሌት ላይ የተጣለ ፊርማ ለማስታወሻና ለመግባቢያ ይጠቅማል። የቤት ሽያጭን የመሰለ ውል ግን በጽሑፍ ተደርጎ በሚመለከተው አካል ፊት መረጋገጥ ያለበት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 ስለ ዲጂታል ፊርማ ሲናገር የምስክር ወረቀት ያለውን እንጂ በመስታወት ላይ የተሞነጫጨረውን አይደለም። ደንበኛ «ፈርሜ ልኬልሃለሁ» ስላለ ውልና ማስረጃ መሄድ አይቀርም።

መስታወቱ ላይ ስለሚለጠፈው መከላከያም ሳንናገር አንለፍ። ሱቆች ለስልክ እንደሚያደርጉት ወፍራም ግላስ ይለጥፋሉ። ለብዕር ስስ የሆነው ይመረጣል፤ ወፍራሙ የብዕሩን ጫፍ ከመስመሩ ያርቀዋል፣ ንክኪውንም ሊያደክም ይችላል። ወረቀት መሰል ሸካራ የሆነው ለመጻፍ ደስ ይላል፣ ነገር ግን የብዕሩን ጫፍ ቶሎ ይበላዋል። ጫፏ ተነቅላ የምትተካ ስለሆነች ታብሌቱን የሸጠልዎ ሱቅ መለዋወጫዋን የሚያስመጣ መሆኑን ደረሰኙን ሲቀበሉ ይጠይቁ። ካስመጣ አንድ እሽግ አብረው ይያዙ፤ ስታልቅ የሚፋቀው መስታወቱ ነውና።